ማሽን የተወው መስመርና ዕድሜ የበላው ብረት

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ወጣት ፎቶ ላከልኝ። ከአያቱ የወረሰው ሪቮልቨር ነው። ጎኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ሞልተውበታል። «ብረቱ እየተበላ መሰለኝ፤ በብርጭቆ ወረቀት ላጥፋቸው?» ይላል። ወዲያው «በፍጹም እንዳትነካው» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው።

ዕድሜዬን የኖርኩት አሮጌ የጦር መሣሪያ ስጠግን ነው። ሰው ከአባቱ ወይ ከአያቱ የደረሰውን ሽጉጥ ይዞ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈራው ነገር ምንም አይደለም። አደገኛው ግን ሳይታየው በእጁ ይዞት ይዞራል። ይህን ሁለት ነገር መለየት የሙያዬ ግማሹ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ቁጭቱን የተወብኝን የሌላ ልጅ ነገር ላውጋችሁ።

አንድ ልጅ እግር በጨርቅ የተጠቀለለ ሽጉጥ ይዞ ወርክሾፕ መጣ። ጨርቁን ሲፈታው ከሩቅ አበራ። ናጋንት ነው። ናጋንት ቤልጅየማዊው ሌዮን ናጋንት የነደፈው፣ ሩሲያ በ1895 ለጦሯ የተቀበለችው ባለ ሰባት ጥይት ሪቮልቨር ነው (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አነሳሁትና ዓመቱን ፈለግኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ጠፍተዋል። «43» የሚለው በግድ ይነበባል። የፋብሪካው ማኅተም የነበረበት ቦታ ደብዛዛ ጥላ ብቻ ቀርቷል።

የ1943 ናጋንት እንዲህ አያበራም። በ1941 የጀርመን ጦር ናጋንት ወደሚሠራባት የሩሲያ ከተማ ወደ ቱላ ሲጠጋ የፋብሪካው ማሽኖች ወደ ምሥራቅ ተጓዙ። በጦርነቱ ዓመታት ኢዥየቭስክ ላይ የተሠሩት ናጋንቶች የመቁረጫ ዱካቸው ሳይለሰልስ ነው የወጡት። ግንባር ያለው ወታደር ሽጉጥ ይጠብቃል፣ ማለስለስ ደግሞ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ልኩን መጠበቅ ያለበት ቦታ በልኩ ተሠራ። ውጭው ግን ብረት ከሚቆርጡት ማሽኖች፣ ከፍሬሳና ብረቱን እያዞረ ከሚቆርጠው ከቶርኖ፣ እንደወረደ ጥቁር ልባስ ተቀብቶ ሄደ። ያንን ሸካራ ገላ የሚያውቅ ሰው ገና ሲያየው ዘመኑን ይገምታል።

ልጁ ያደረገውን በኩራት ነገረኝ። አንድ «ያውቃል» የተባለ ሰው ሽጉጡን አይቶ «ብረቱ ተበልቷል፣ መስመሮቹ ካልጠፉ ይሰነጠቃል» ብሎታል። ልጁ አመነ። ማታ ማታ ቁጭ ብሎ በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ፋቀው። ቀጥሎ በለስላሳው። ቀጥሎ ማለስለሻ ሞተር ላይ ያዘው። በመጨረሻም በጠርሙስ የሚሸጠውን ማጥቆሪያ ቀባው። ያን ሁሉ ድካም የደከመው አያቱን ስለሚወድ ነው። ወደ እኔ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የጎን ክዳኑ እንደ ድሮው አልገጥም ብሎታል፤ ጠርዙ ላይ ስስ ክፍተት ወጥቷል። ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ለምን እንደሆነ እኔ ገባኝ። ሞተሩ ጠርዞቹን ሁሉ አሙልሏቸዋል። የብሎን ቀዳዳዎቹ አፋቸው ሰርጎድ ብሏል። ቀጥ ብለው መገናኘት የነበረባቸው ሁለት ብረቶች አሁን እየተንሸራተቱ ነው የሚገናኙት።

ክዳኑን ፈታሁና ገልብጬ አሳየሁት። ውስጡ ጠፋ ያላቸው መስመሮች እንዳሉ ናቸው። እንደ ታረሰ ማሳ ትልም ጎን ለጎን፣ እኩል ተራርቀው ተሰልፈዋል። የእጀታውን እንጨት አነሳሁ። እዚያም አሉ። «ይኼ ቦታ ላይ እጅ ይደርሳል?» አልኩት። «አይደርስም።» «የሽጉጡ ማኅደርስ?» «አይደርስም።» «ታዲያ ምን በላው?» ልጁ ዝም አለ። ብዙ ቆየ። ከዚያ የጠየቀኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «መስመሮቹን መልሰው ሊያወጧቸው ይችላሉ?»

አዲስ መስመር ማውጣት እችላለሁ። ማሽኑ አለ፣ እጁም አለ። ግን የኔ መስመር ነው የሚሆነው። በ1943 ማሽን ላይ ቆሞ ያን ብረት የቆረጠው ሰው የተወው አይሆንም። ይህንኑ ነገርኩት።

የባሰው ገና ነበር። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙሬ ውስጡን አየሁ። ጠመዝማዛዎቹ ቦዮች በዝገት ተነድፈዋል። በዚያ ዘመን የነበሩት ጥይቶች መለኮሻቸው ሲቃጠል ጨው ይተዋል። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። ከተኩስ በኋላ ወዲያው በውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልተቀባ ብረቱን ይበላዋል። እውነተኛው መበላት እዚያ ነበር። ልጁ አንድም ቀን ውስጡን አላየም። ሲሊንደሩን፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚቀመጡበትን ተሽከርካሪ ከበሮ፣ የሚገፋው የብረት ጣትም ጫፉ አልቋል። ከሰባቱ ቀዳዳዎች በአንዱ ላይ ሲሊንደሩ ከአፈሙዙ ጋር በደንብ ሳይገጥም ከኋላ ያለው ጥይቱን የሚመታው መምቻ ሙሉ በሙሉ ይሳባል። አያትየው ሽጉጡን የሚያነሱት ለማየት ብቻ እንደነበር ልጁ ነገረኝ። እሱ ግን «አድሼዋለሁ» ብሎ ሊተኩስበት አስቦ ነበር።

በዚያ ላይ ሌላም የሚያደርገው ነገር ነበረው። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ሰፊ ክፍተት አይቶ ስስ ቆርቆሮ ሊያስገባበት ነው! ናጋንት ግን መምቻው ሲሳብ ሲሊንደሩ ወደ ፊት ሄዶ አፈሙዙ ላይ እንዲገጥም ሆኖ የተሠራ ነው። ሲለቀቅ የሚታየው ክፍተት የተፈጥሮው ነው። መምቻውን ስቤ አሳየሁት። ክፍተቱ ተዘጋ። ቢያንስ ይኼ ሳይደረግ ደርሰናል።

የሚቆጨኝ ምን መሰላችሁ? ያ ሽጉጥ የብርጭቆ ወረቀቱ ሳይነካው ጠረጴዛዬ ላይ ለአንድ ሰዓት እንኳ አለመቀመጡ ነው። ምክር ቢጠየቅ ኖሮ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ልጁ መጥፎ ሰው አልነበረም። ሰነፍም አልነበረም። ትጋቱ ነው የጎዳው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ሽጉጡ ዛሬም ሙሉ ነበር።

እዚህ ላይ አለቃዬ ትዝ አሉኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሮጌ መሣሪያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር የክፍሉን መብራት ማጥፋት ነበር። ከዚያ አንዲት ትንሽ መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርገው ያበሩና ሽጉጡን ቀስ እያሉ ያዞሩታል። ከፊት የሚመጣ ብርሃን ይዋሻል፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ግን ጥላ ስለሚጥል እውነቱን ያወጣል ይሉ ነበር። አንድ ቀን ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለ አሮጌ የአሜሪካ ሪቮልቨር እጀታ ፈትተው የቀኙን እንጨት ገለበጡና ጠሩኝ። ውስጡ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አለ። ከሽጉጡ መለያ ቁጥር ጋር አንድ ነው። ፋብሪካ ውስጥ እንጨቱን ለዚያ ሽጉጥ ያስማማው ሠራተኛ የጻፈው ነው። አለቃዬ ብዙ አይናገሩም ነበር፣ ያን ቀን ግን እንጨቱን ለረጅም ጊዜ አላስቀመጡትም። እኔም ከዚያ ወዲህ እንጨት ሳልገለብጥ አሮጌ ሪቮልቨር አላልፍም። እናንተም ገልብጡ። እርሳሱን ግን በዘይት ጨርቅ እንዳትጠርጉት።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ጥይት አለመኖሩን ስለማረጋገጥ አልነግራችሁም። ያንን የማያውቅ ሰው ሽጉጥ መያዝ የለበትም።

አንድ መስመር ስታዩ መጀመሪያ አቅጣጫውን ተከተሉ። ማሽን የሚተወው መስመር ሥርዓት አለው። ፍሬሳ ከሆነ ቀጥ ያለ ወይም እኩል የታጠፈ፣ በእኩል ርቀት የተደረደረ ነው። ቶርኖ ከሆነ ክብ ነው፣ አፈሙዙን ዙሪያውን ይዞራል። የመቁረጫው ጥርስ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ሞገድ ይተዋል። ሞገዱም ቢሆን እኩል ነው። መበላት ግን ሥርዓት የለውም፤ ምክንያት ነው ያለው። ሁለት ነገር የሚነካካበት ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው። ማኅደር የሚያሸው የአፈሙዙን ጫፍ፣ የሲሊንደሩን የፊት ጠርዝና ከፍ ያሉትን ቦታዎች ነው። ጎድጎድ ያለ ጥግ ውስጥ የማኅደር መታሸት አይገባም። ስለዚህ «ይህን ምን ሊነካው ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነካው ነገር ካጣችሁ ፋብሪካው ነው።

ቀጥሎ የመስመሩን ወለል በአጉሊ መነጽር እዩት። ልባሱ የሚቀባው ብረቱ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው። የመስመሩ ውስጥ ከአካባቢው ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር ከሆነ መስመሩ ከልባሱ ይቀድማል። ውስጡ ነጭ ብረት የሚያበራ ከሆነ በኋላ የመጣ ጭረት ነው። ይህ ግን ሽጉጡ ዳግመኛ ካልተቀባ ብቻ ነው የሚሠራው። ዳግመኛ የተቀባ ሽጉጥ ላይ ጭረቱም፣ የዝገት ጉድጓዱም ጥቁር ሆኖ የፋብሪካ ይመስላል። እሱን የሚያጋልጡት ማኅተሞቹና ጠርዞቹ ናቸው። አዲስ የተመታ ማኅተም ጠርዙ ስል ነው። ማለስለሻ ያለፈበት ማኅተም ይደበዝዛል፣ የብሎን ቀዳዳው ይሰረጉዳል፣ የዝገት ጉድጓዶቹ ከንፈራቸው ይሟልላል። በአሮጌ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ መምቻውና ቃታው ከጥቁር ልባሱ ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነው ካገኛችሁ ጠርጥሩ። እነሱ ከፋብሪካ ሲወጡ ብረቱን ለማጠንከር ከተደረገው ማቃጠል የተነሣ ዥንጉርጉር ቀለም ነው ያላቸው።

ዥንጉርጉሩ ቀለም ብዙ ወጣት ያሳስታል። ግራጫ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ ሆኖ ደመና ደመና ይላል። የ1873ቱ ኮልት ሲንግል አክሽን አርሚ የተባለው የአሜሪካ ሪቮልቨር፣ አፈሙዙና ሲሊንደሩ የሚገጠሙበት አካሉ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ብረቱን ከአጥንትና ከእንጨት ከሰል ጋር አግለው ውሃ ውስጥ ሲነክሩት የላዩ ቆዳ ይጠነክራል፣ ቀለሙም እዚያው ይወለዳል። ዝገት መስሏቸው የሚፈትጉት አሉ። ቀለሙ በጣም ስስ ነው። አንዴ ከተፈተገ አለቀ።

አንዳንዱ ልባስ ደግሞ ከዓመታት በኋላ ወደ ወይን ጠጅ ይቀየራል። ከብረቱ ቅይጥ ወይ ከማጥቆሪያው ሙቀት የሚመጣ ነው፣ ጉዳት የለውም። እንጨቱ ሥር ወይም ሲሊንደሩን ወደ ጎን የሚያወጣው ክንድ ላይ የሚገኙ ትንንሽ ቁጥሮችም የመገጣጠሚያ ቁጥሮች ናቸው። ከመለያ ቁጥሩ ጋር አልተመሳሰሉም ብላችሁ አትደንግጡ። ዋናው መለያ ቁጥር የተፋቀበት ሽጉጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ አገር ወንጀል ነው፣ አትግዙት፣ አትረከቡት። የፋቂው ልጅ ነገር ያስፈራኝ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። መፋቁን ጥቂት ቢቀጥል ኖሮ ቁጥሩ ይጠፋ ነበር።

ሲሊንደሩ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር ደግሞ አለ። ሲሊንደሩን የምትቆልፈው ትንሽ ጥርስ እየነካችው ስትሄድ የምትተወው ነው። ብዙ ሰው «ያለቀ ሽጉጥ» የሚለው ይህን አይቶ ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ ጥርሷ ቀድማ ስለምትለቀቅ ይህ መስመር ገና በአዲስነቱ ይጀምራል። ምንም ማለት አይደለም። በአሮጌው ኮልት ሲንግል አክሽን ላይ ግን ጥርሷ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ነው መውረድ ያለባት። እዚያ ላይ ሙሉ ቀለበት ካያችሁ ወይ ጊዜዋ ተዛብቷል፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው መምቻውን በግማሽ ስቦ ከዚያው የመመለስ ልማድ ነበረው። አንድ ዓይነት መስመር በአንዱ ሽጉጥ ጤና፣ በሌላው ጥያቄ ነው። ለዚህ ነው የየሽጉጡን አሠራር ሳያውቁ በፎቶ ብቻ መፍረድ የሚያናድደኝ።

ስለ ፎቶ ካነሳን አይቀር፣ የስልክ ፍላሽ ተዉ። ፍላሽ ከፊት ስለሚመጣ አንዱን ጭረት ገደል ያስመስለዋል፣ ሌላውን ጭራሽ ያጠፋዋል። የዛሬ ልጆች ደግሞ ትቸኩላላችሁ። አጭር ቪዲዮ ታዩና ማታውኑ ሞረድ ትይዛላችሁ። ብረት ላይ ግን ስሕተትን መልሶ መሰረዝ የለም። ይህን ስል ግን ፍርዴ ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል። ፎቶ የላከልኝ ልጅ እኮ ከመንካቱ በፊት ነው የጠየቀው። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማያውቁት ሰው መላክ አይታሰብም ነበር፤ ያፍሩ ስለነበር ብዙዎች ሳይጠይቁ ፍቀዋል። በዚህ በኩል ትበልጡናላችሁ።

ሌላ የሚያስፈራቸው ሲሊንደሩ ፊት ላይ በየቀዳዳው ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ቀለበት ነው። የባሩድ ጥላሸት ነው፣ ሽጉጡ መተኮሱን ብቻ ይናገራል። ያንን ለማንጣት በብረት ብሩሽ የሚፈትግ ሰው የሲሊንደሩን ፊት እየቀነሰ፣ ከአፈሙዙ ጋር ያለውን ክፍተት እያሰፋ ነው። ክፍተቱ በብዙ ሪቮልቨር ከ0.10 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ቢሆን ጤነኛ ነው፤ ፊለር ጌጅ በሚባሉ ስስ የመለኪያ ቅጠሎች ይለካል። ከዚያ ክፍተት በላይ፣ የሽጉጡ የላይኛው ድልድይ ሥር፣ የጋለው ጋዝ የቆረጠው ስስ መስመር ይኖራል። ይህ በእርግጥም መበላት ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ይሄድና ይቆማል። ተከታተሉት እንጂ አትፍሩት።

የጥይት ቀዳዳዎቹ ውስጥ ዙሪያውን የሚሄዱ ስስ ክቦች መቁረጫው የተዋቸው ናቸው። በርዝመቱ የሚሄዱ ጭረቶች ግን ጥይትና ቀለህ ሲገባና ሲወጣ፣ ወይም ቆሻሻ የያዘ ዘንግ ሲገፋ የመጡ ናቸው። አፈሙዙ ውስጥ አንድ ብቻውን የቆመ ጥቁር ቀለበት ካያችሁ ግን ቆም በሉ። አንድ ጊዜ ጥይት ውስጥ ተቀርቅሮ ሌላ ከኋላው ተተኩሶ ብረቱ ያበጠበት ሊሆን ይችላል። ውጭውን በጣታችሁ ዳብሱት። እብጠት ካለ ይሰማችኋል።

ምንም አትፋቁ ብያለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ የምነካው ቦታ አለ። የመቆለፊያ ጉድጓዶቹ ጠርዝ ላይ ብረቱ ተቀጥቅጦ ወደ ላይ ሲወጣና ጥርሷን ማስገባት ሲከለክል፣ ያችን ትርፍ ብቻ በለስላሳ ድንጋይ አነሳለሁ። ይህን ግን ለእናንተ አልፈቅድም። ለካሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ምክንያቱን ጻፍኩ፣ ከዚያ ነው የነካሁት።

እነዚህን ጉድጓዶች አንድ በአንድ እዩ። ዋናው ነገር እዚህ ነው። ሲሊንደሩ በኃይል ሲዞርና ጥርሷ ድንገት ስታቆመው አንደኛው ጠርዝ ይቀጠቀጣል፣ ያበራል፣ ይጣመማል። ማሽን አንዱን ጠርዝ ብቻ እንዲህ አያደርግም። ቀጥሎ ሲሊንደሩን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉት። ከናጋንት በስተቀር የሚታይ ጉዞ ሊኖረው አይገባም። ከዚያ መምቻውን በጣም ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ በሌላው እጅ ሲሊንደሩን በጣት ጫፍ ትንሽ ያዝ አድርጉት። መምቻው ሙሉ በሙሉ ከመያዙ በፊት ወይም እኩል ሲሊንደሩ መቆለፍ አለበት። በአንድ ቀዳዳ ሳይሆን በሁሉም ሞክሩት። አንዱ ብቻ ሊያጎድል ይችላል፣ እንደዚያ ናጋንት። የተቆለፈ ሲሊንደር ትንሽ ወደ ጎን መነቃነቁ ያለ ነው። መምቻው ተስቦ ሳለ ደግሞ ከኋላ በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ግፉት። ቃታው ሳይነካ ከወደቀ ሽጉጡ ለተኩስ አይሆንም።

የመጨረሻው የአፈሙዙ መግቢያ ነው፤ ጥይቱ ከሲሊንደሩ ወጥቶ የሚገባበት። ሲሊንደሩን አውጡና ከታች በኩል፣ በጎን ብርሃን እዩት። ክብ የመቁረጫ ዱካ የተለመደ ነው። ወደ ውስጥ በርዝመቱ የሚሄድ ፀጉር መሰል መስመር ግን አይደለም። ኬ ፍሬም (K-frame) በሚባሉት የድሮ መካከለኛ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን .357 (የጥይቱ መጠን ነው) ሪቮልቨሮች ላይ መግቢያው ከሥሩ ጠፍጠፍ ተደርጎ ስለተቆረጠ ብረቱ እዚያ ላይ ስስ ነው፤ ቀላልና ፈጣን ጥይት በብዛት ሲተኮስበት የሚሰነጠቀውም እዚያው ነው። ጥላሸቱን በጨርቅና በማጽጃ ፈሳሽ አንሱና እንደገና እዩ። መስመሩ ከጥላሸቱ ጋር ከሄደ ሰላም ነው። ካልሄደ አፈሙዙ እስኪቀየር ድረስ አትተኩሱበት።